የዘጠኙ ልጆች ቃለ ጉባኤ

እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። የምነግራችሁ ስሕተት መምህር የማይሳሳተው፣ ዘበኛም የማይሳሳተው፣ የመዝገብ ቤት ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ስለሆነ ነው። ወረቀት አብዝቶ የሚወድ ሰው ጥፋት ነው። በዚያ ጥፋት ዘጠኝ ልጆች ሊጠፉ ነበር፤ በተለይ አንዷ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት አምቦ ነው፤ የምሠራው ግን ጊንጪ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን ተዉት። ልጆቹ እትዬ አስካለ ይሉኛል፤ መምህራኑ ከኋላዬ «ወይዘሮ ማኅተም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልቀየማቸውም። «ማኅተም የሌለው ወረቀት ሐሜት ነው» እያልኩ የማሰለቻቸው እኔው ነኝ። በእኔ ዘመን ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይህም ኩራቴ ነበር።

የክበባቱን መዝገቦች ሁሉ ያዘጋጀሁት በእጄ ነው። ገጾቹን ከአንድ ጀምሬ እቆጥርና እያንዳንዱ ላይ ማኅተም አሳርፋለሁ፤ ማንም ቀዶ እንዳያወጣ። ከዚያ በማስመሪያ አሰምራለሁ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የደገፉ፣ የተቃወሙ፣ ፊርማ። የአትክልት ክበብ ችግኝ የት እንትከል ብሎ ሲሰበሰብም፣ የስፖርት ክበብ መረብ ይገዛልን ብሎ ሲያመለክትም ቅጹ ይኼው ነው። ሰው ሐሳቡን ከተናገረ ይፈርምበት ባይ ነኝ።

መዘዙ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ታደሰ ሬዲዮ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ብለው ድምፅ ሊሰጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ከእነሱ ብሶ እሱ እንቅልፍ አጣ። ለክርክር ክበቡ ልጆችም ይህንኑ ርእስ ሰጣቸው።

«እንግሊዝ ብትወጣ ብትገባ ለጊንጪ ጤፍ ምን ይጨምርለታል?» ብዬ አሾፍኩበት።

«አስካለ፣ ልጆቹ መከራከር ይልመዱ ብዬ ነው። በሩቁ ነገር ይልመዱ» አለኝ።

ያ ዓመት በእኛ አካባቢ እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስለ ቅርቡ ነገር ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። እኔም የሩቁ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ዐሥራ ስምንት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው ከጠመኔ ካርቶን ውስጥ ዕጣ አወጡ። ለዘጠኙ «ትውጣ»፣ ለዘጠኙ «ትቆይ» ደረሳቸው። ካርቶኑ ሲዞር እኔ ገጽ አርባ ሦስትን አዘጋጅቼ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። «ትውጣ» ከደረሳቸው መጀመሪያ የተነሣችው ሌንሴ ናት። ሌንሴ አባቷ በጭልሞ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምጿ ከሰውነቷ የሚበልጥ፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ብዙ ነገር አለች። እንግሊዝ ኅብረቱ ውስጥ ሆና የራሷን ሕግ ራሷ አታወጣም፤ ሩቅ ተቀምጠው የሚወስኑላት ሰዎች ስሟን እንኳ በቅጡ አይጠሩም አለች። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ዘጋች፦

«ቤት ቤት የሚሆነው በሩ ከውስጥ ሲከፈት ነው። መውጣት የማይችል ሰው ቆየ አይባልም፤ ታሰረ ነው የሚባለው።»

ቤተ መጻሕፍቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ጎበዝ ነኝ ባይ ነኝና ቃል በቃል ጻፍኩት። «ትውጣ ብለው የደገፉ» በሚለው ሥር ዘጠኙ ተሰልፈው ፈረሙ፤ አንደኛ ሌንሴ። በታደሰ ሥርዐት በሳምንቱ ወገን ተቀያይረው እንደገና መከራከር ነበረባቸው። ፈተና ደረሰ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሁለተኛው ዙር ቀረ። እንግሊዞቹም ወጣን አሉ። ታደሰ ሌንሴን ባገኛት ቁጥር «ያስወጣሻት አንቺ ነሽ» እያለ ያስቃት ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ያ ሳቅ ሁሉ ተረሳ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ርእሰ መምህሩ ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ጴንጤ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ስልኩን ገና ከጆሯቸው አላወረዱትም ነበር።

«የክበባት መዝገብ በሙሉ ተዘጋጅቶ ይቆየን ብለዋል» አሉኝ። «ስምንት ሰዓት ላይ ሰዎች ይመጣሉ።»

«ከየት?»

«ለጸጥታ ጉዳይ ነው ያሉት።»

መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፤ አልዋሻችሁም። የእኔ መዝገብ ሲመረመር ደስ ይለኛል። መደርደሪያው ጋ ሄጄ አንድ በአንድ እያወረድኩ አቧራ መጥረግ ጀመርኩ። የክርክር ክበቡን ስከፍት ግን ገጽ አርባ ሦስት ላይ ዓይኔ አረፈ። «ትውጣ ብለው የደገፉ»፣ ዘጠኝ ስም፣ ዘጠኝ ፊርማ፣ ከላይ የእኔ ክብ ማኅተም። በዚያ ሰሞን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ነበር የሚወሰደው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ታደሰን ጠርተን ሦስታችን በሩን ዘጋን።

«ቅደጂው» አለ ታደሰ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ቁጥር አለው። ከአርባ ሁለት ቀጥሎ አርባ አራት ሲመጣ ምን ልንላቸው ነው?»

«መዝገቡ ጠፋ እንበላ!»

«ከጠፋ ዐሥራ ስምንቱንም ጠርተው ነው የሚጠይቁት» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«እንግሊዝ እኮ ነው የሚለው። እንግሊዝ! ደግሞ ይኼ የመገንጠል ነገር ሕገ መንግሥቱ ውስጥም አለ።»

«ማሎ፣ እባክህ ታደሰ፣ ለእኔ አትንገረኝ» አሉት። «በእንግሊዝ አመካኝታችሁ ምን ስታስተምሩ ነበር ቢሉ መልሱን ንገረኝ።»

 በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኛ ነበር። እኔ ገጹ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነኝ። የታችኛው መስመር ላይ በእጄ ጽሑፍ «ሁለተኛው ዙር ወደፊት ይካሄዳል» ይላል።

«ይኼ ስብሰባ አላለቀም» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

«ወገን ተቀያይረው መከራከር ነበረባቸው። ትውጣ ያሉት ትቆይ ማለት ነበረባቸው። ዛሬ ያድርጉት። ገጽ አርባ አራት ላይ ያው ዘጠኝ ስም በትቆይ ሥር ይፈርማል፤ የሌሎቹ ተራ ለሌላ ቀን ይቆይ። መዝገቡን ያየ ሰው ልምምድ መሆኑ ይገባዋል።»

ታደሰ ግንባሬን ሊስመኝ ደረሰ። «ቀኑን የሰኔ አድርጊው» አለ።

«አላደርግም። የዛሬውን ነው የምጽፈው።»

«አስካለ፣ የልጆች ሕይወት ነው!»

«በሐሰት ቀን ከተያዝን ደግሞ እውነቱንም የሚያምነን የለም።»

ስብሰባ የተከለከለበት ጊዜ ነውና ኦቦ ገመቹ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንዲሆን ወሰኑ። «በሩም መስኮቱም ይከፈት። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይስማ» አሉ። አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርናቸውም፤ ግን ልጅ አይታለልም። በሰኔ እየተጋፉ እጅ ያወጡ የነበሩት ያን ቀን ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር። አንዱ ዝምተኛ ልጅ ብቻ፣ ከደንዲ ሐይቅ በኩል የመጣ፣ ተነሥቶ «ከእድር የወጣ ሰው መውጣቱ የሚታወቀው ቤቱ ሞት ሲገባ ነው። እንግሊዝም ያን ቀን ታየዋለች» ሲል ትንሽ ሳቁ። እኔም ጻፍኩት።

ሊፈርሙ ሲሰለፉ ቆጠርኳቸው። ስምንት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ሌንሴ የታለች?»

«ከሰኞ ጀምሮ የለችም እትዬ» አለችኝ አብራት የምትቀመጠው ልጅ። «አባቷ እግራቸውን ተሰብረዋል። ጤፍ እያጨደች ነው።»

ኅዳር ነው፤ ጤፍ አይጠብቅም። የክፍሉ ግማሽ በየተራ ይቀራል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን፣ ለወረቀቱ ስቸኩል ረስቼው ነው። የአባቷ ስልክ ዝግ ነው። ታደሰ ወዲያው ከአንድ ሱቅ ሞተር ተውሶ ወደ ጭልሞ ገሠገሠ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሞተሩ ከሚቆምበት ወደ ቤታቸው የሚያስኬደውን የእግር መንገድም አውቀዋለሁ። በስምንት ሰዓት አይደርስም።

ስድስት ሰዓት ላይ ያቺ ከሌንሴ ጋር የምትቀመጠው ልጅ ብቻዋን ቢሮዬ መጣች። በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች።

«እትዬ፣ ፊርማዋን እኔ እችለዋለሁ። ልፈርምላት?»

አስመስላ ወረቀት ላይ አሳየችኝ። ቁርጥ የሌንሴ ነው። ገጽ አርባ አራት ፊቴ ተዘርግቷል፤ ዘጠነኛው መስመር ባዶ ነው። ለመፈረም የሚወስደው ሦስት ሰከንድ ነው። እኔ ምን አልኩ? «ሂጂ ምሳሽን ብዪ» አልኳት። ልጅቷ እንባዋ እየመጣ ወጣች። እኔም ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ልክ ሠርቻለሁ እያልኩም እስከ ስምንት ሰዓት መዝገቡን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

ስምንት ከሩብ ላይ ነጭ መኪና ገባች። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ወጣት ነው፤ ከመጣ እስኪሄድ ቃል አልተናገረም። ሌላው ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። «አካም ጅርቱ?» ብሎ በትሕትና ሰላም ብሎን ቢሮዬ ተቀመጠ። ቢጮህብን ይሻለኝ ነበር። የአትክልት ክበቡን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ማንበብ ጀመረ። እውነት አነበበው፤ ስለ ጽድ ችግኝ የጻፍኩትን ሁሉ። ከዚያ ስፖርት። ከዚያ ቀይ መስቀል። ከውጭ የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር እኔና ኦቦ ገመቹ ሳንተያይ እናዳምጣለን። እያለፈ ይሄዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የክርክር ክበቡን ከፈተ። አርባ ሦስት ላይ ሲደርስ መነጽሩን አስተካከለ። የሌንሴን ቃል ጮክ ብሎ አነበበው፤ «መውጣት የማይችል ሰው ቆየ አይባልም፤ ታሰረ ነው የሚባለው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ጥሩ ተናጋሪ ናት» አለ።

«የእንግሊዝ ጉዳይ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«አዎ፣ እንግሊዝ ይላል። አይቻለሁ።» ገጹን ገለጠ። «ይኼኛው የዛሬ ቀን ነው።»

«አዎ፣ የዛሬ ነው» አልኩ።

«ከደወልን በኋላ ነው የተካሄደው?»

«ከደወላችሁ በኋላ ነው።»

ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውየው ግን የተቆጣ አይመስልም። አንድ ጣቱን አርባ ሦስት ላይ፣ ሌላውን አርባ አራት ላይ አድርጎ ስሞቹን አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመረ። የጣቱን አወራረድ አሁንም አያለሁ። ሲጨርስ ቀና አለ።

«ስምንቱ ሐሳባቸውን ለውጠዋል» አለ። «አንዷ አልለወጠችም።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰኔ ላይ ከዘጠኝ አንዷ ነበረች። እኛ ስምንቱን አውጥተን እሷን ለብቻዋ አቆምናት። መዝገቡን ባንነካው ኖሮ ዘጠኝ ልጆች በአንድ ላይ ነበሩ፤ አሁን አንድ ስም ብቻ ነው የቀረው። በሦስት ሰከንድ ፊርማ መዳን ትችል ነበር፤ እኔ ጓደኛዋን ምሳሽን ብዪ ብዬ መለስኳት። እንዲያ የጠላሁት ቀን የለኝም፤ እንዲያ የጠላሁት ሰውም የለኝም፣ ራሴን ማለቴ ነው።

ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አወጣና እስክሪብቶውን ከፈተ። «ሌንሴ» ብሎ ጻፈ። «የአባቷ ስም? ቀበሌዋስ? የግል ማኅደሯን ያምጡልኝ እስቲ።»

የማኅደሮቹ ቁምሳጥን ከኋላዬ ነው፤ ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው። ኦቦ ገመቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ተነሣሁ። ቁልፉን ይዤ ቆምኩ። ሰውየው ፊደሎቼ ላይ እንደገና አጎንብሷል፤ «የደገፉ» የሚለው ላይ። ያኔ ነው ያየሁት። እግዜር ያውቃል፣ በአምስት ወር ውስጥ ያኔ ገና ነው ያየሁት።

«ማኅደሯን ከመስጠቴ በፊት መዝገቡን ላርም» አልኩ። «ስሕተት አለበት።»

ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ተናግሬው አላውቅም። ኦቦ ገመቹ እንኳ ቀና አሉ።

«ምን ስሕተት?»

«የደገፉ ይላል። አልደገፉም። ከጠመኔ ካርቶን ዕጣ ነው ያወጡት። ትውጣ የደረሰው ትውጣ አለ፣ ትቆይ የደረሰው ትቆይ አለ። የደገፉ ብዬ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ለችግኝ ያወጣሁትን ቅጽ ለክርክር አዋልኩት። ያቺ ልጅ የተናገረችው የራሷን ሐሳብ አይደለም። ዕጣዋን ነው የተናገረችው። ዛሬ የሌለችው ደግሞ ጤፍ እያጨደች ነው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን በጽሑፍ ያረጋግጣሉ?» አለ።

«አረጋግጣለሁ።»

ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ ገጽ አርባ ሦስት ኅዳግ ላይ ጻፍኩ፦ «ከላይ የተዘረዘሩት በዕጣ የተመደቡ ተከራካሪዎች እንጂ ደጋፊዎች አይደሉም። ስሕተቱ የመዝገብ ቤት ነው።» ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ። ማኅተሙ ግን ተንጋደደ። እስከ ዛሬ ካሳረፍኩት ሁሉ ያ ብቻ ነው የተንጋደደው።

ሰውየው አነበበው። ከዚያ ማስታወሻው ላይ «ሌንሴ» ያለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከሥሩ የእኔን ስም ጻፈ። እስከዚያ «እርስዎ» ሲለኝ የቆየው «ሰኞ አምቦ ትቀርቢያለሽ» አለኝ። መዝገቡን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ወጣ። መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ኦቦ ገመቹ ጠረጴዛው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው በኦሮምኛ ይጸልዩ ነበር።

ታደሰና ሌንሴ የደረሱት ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ የእህል ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ በአጨዳ ልብሷ ናት። «እትዬ፣ የት ልፈርም?» አለችኝ። መዝገቡ እንደሌለ ስነግራት ታደሰን አየች፣ እኔን አየች። «ምን አሏቸው?» አለችኝ። «እውነቱን። ዕጣ ነው አልኳቸው» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ከድካም መስሎኝ ነበር።

አምቦ ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ቅጹን እንዲህ አድርጊ ያለሽ ማን ነው? ማንም አላለኝም። አሥር ጊዜ ጠየቁኝ፤ አሥር ጊዜ ማንም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሂጂ አሉኝ። በወሩ «ለሥራው መቃናት ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝና ሸነን ወደምትባል የደጋ ከተማ ሄድኩ፤ ስድስት ዓመት። ብርዱን ለመድኩት፣ ሰዉንም ወደድኩት። ሌንሴን የጠራት የለም። ፈተናዋን ወስዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲሉኝ አንድ ቀን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ይህን ስትሰሙ እሰይ አስካለ ትሉ ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመት እሰይ እል ነበር። ሸነን ከገባሁ በኋላ በሰው ስም ፊት የደገፈና የተቃወመ ብዬ አስምሬ አላውቅም። አለቆቼ ሲቆጡም አላሰመርኩም። አንድ አገር ከኅብረት ይውጣ ወይስ ይቆይ ለሚለውም እኔ መልስ የለኝም፤ ከእድርም ወጥቼ አላውቅም። ግን ያን ጥያቄ ልጅ አንሥቶ ሲከራከርበት ቢሮ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ሸነን ነው። ከፈሩ አይናገሩ፣ ከተናገሩ አይፈሩ ይባላል። ይህ ተረት ልጆችን አያውቅም። እነሱ መጀመሪያ ይናገራሉ፤ ፍርሃቱን በኋላ እኛ ነን የምናስተምራቸው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን አምቦ፣ ገበያ ደርሼ ስመለስ «እትዬ አስካለ!» ብሎ አንድ ድምፅ ጠራኝ። ድምፁን ዞሬ ሳላየው አወቅሁት። ሌንሴ ነርስ ሆናለች። ሻይ ቤት አስገባችኝ፤ እኔ ልጋብዝ እኔ ልጋብዝ ተባብለን ተቀመጥን። ስለ አባቷ እግር፣ ስለ ታደሰ ጋብቻ አወራን። ከዚያ ሻይዋን ሳትጠጣ ማማሰል ጀመረች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አይቀየሙኝ።»

«ምን ብዬ ልቀየምሽ?»

«ያን ቀን የደረሰኝ ዕጣ ትቆይ ነበር።»

አልገባኝም። 

«ካርቶኑ ሲዞር ትቆይ ነው ያወጣሁት። ከጎኔ ላለችው ልጅ ሰጥቼ የእሷን ትውጣ ወሰድኩ። እንደዚያ ብዬ መናገር ፈልጌ ነበር። ያልኩት ሁሉ የራሴ ነበር።»

ዘጠኝ ስም ነበር። ስምንቱ ላይ የጻፍኩት ማረሚያ እውነት ነው። የፈረምኩት፣ ማኅተም የመታሁበት፣ ስድስት ዓመት ሸነን የከረምኩበት ግን ለአንዷ ነበር፤ በእሷ ላይ ደግሞ ሐሰት ነው። ከማኅተሜ ሁሉ የተንጋደደው ያ ነበር ብያችሁ የለ?

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«እፈራ ነበር። እርስዎ በመዝገብ አይቀልዱም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞ ከፋኝ። ይቅር ይበሉኝና፣ ያዳኑኝ ሐሳብ የላትም ብለው ነው። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ማለት አለብኝ፤ ሁልጊዜም እላለሁ። ግን ነበረኝ።»

 ባውቅስ ኖሮ ያን ቀን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ እፈርም ነበር። እያወቅሁ እዋሽ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያኮራኝ ንጹሕ መዝገቤ፣ አንዲት ልጅ የራሷን ሐሳብ አስባለች ለማለት የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

«አሁንስ?» አልኳት። «አሁን ቢጠይቁሽ፣ ትውጣ ነው ትቆይ የምትዪው?»

ሌንሴ መጀመሪያ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ አጠገባችን ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰዎች ወደተቀመጡበት። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር፤ ከሰኔው የተለየ ነበር፤ ሻያችን ቀዘቀዘ። ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶም ወረቀትም ነበረኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትጨርስ አዳመጥኳት።

ምን እንዳለች ለእናንተም አልጽፈውም።